ካሜራው ከማን ጋር ሄደ?



ስቲቭ ማክዊን በ2013 የሠራውን «የአሥራ ሁለት ዓመት ባሪያ» የተባለ ፊልም ከመካከላችሁ ያየ ሰው አይጠፋም። ባለታሪኩ ሰለሞን ኖርዘፕ በኒው ዮርክ ግዛት በነፃነት የተወለደ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ቫዮሊን ተጫዋች ነው። በ1841 ሥራ እንሰጥሃለን ያሉ ሰዎች አታለው ወደ ዋሽንግተን ወሰዱት፤ እዚያ ተሸጠና ሉዊዚያና ወርዶ በጥጥና በሸንኮራ እርሻ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ባሪያ ሆኖ ኖረ። ወደ ፊልሙ መጨረሻ ነፃ የሚያወጡት ሰዎች በሠረገላ ይመጣሉ። ፓትሲ የምትባል ወጣት ባሪያ አቅፋ ትሰናበተዋለች። ሠረገላው ሲነሣ ካሜራው የሰለሞንን ፊት ይዞ አብሮት ይሄዳል። ከጀርባው፣ በደበዘዘው የምስሉ ክፍል፣ ፓትሲ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ እናያታለን፤ ከዚያ ወዲያ አትታይም። እኛም ከሰለሞን ጋር ቤቱ እንገባለን።

ዛሬ የምናገረው ከሠረገላው ኋላ ስለቀረችው ነው። ስለ ባርነት የተሠሩ ፊልሞችና የተጻፉ መጻሕፍት ነፃነትን በሩጫ ማሳየት ይወዳሉ፤ ሌሊት፣ ወንዝ፣ የውሻ ጩኸት፣ ከማዶ የሚጠብቅ ነፃ ምድር። የሴቶቹ ታሪክ ግን ባመዛኙ የመቅረት ታሪክ ነው። መቅረታቸውንም ነፃነትን ካለመሻት ከቆጠርነው ያን ዘመን ጨርሶ አልገባንም ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በሁለት አቆጣጠር ላምታታችሁ አልፈልግም።)

ከሕጉ ልጀምር፤ ከጅራፉ ይልቅ ሕጉ ብዙ ያስረዳልና። በቨርጂንያ ቅኝ ግዛት ኤልሳቤጥ ኪይ የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ እንግሊዛዊ፣ እናቷ አፍሪካዊት ባሪያ ናቸው። የያዟት ሰዎች አንለቅሽም ሲሏት በ1655 ፍርድ ቤት ቆመች፤ የእንግሊዛዊ ልጅ ነኝ፣ ክርስትናም ተነሥቻለሁ የሚል ነበር ክርክሯ። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የሚከተለው የአባቱን ደረጃ ስለነበር በተከታዩ ዓመት ረታች። የቆመላትን ጠበቃም አገባች። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1662፣ የቨርጂንያ ምክር ቤት አዲስ ሕግ ደነገገ፤ ከእንግዲህ ልጅ ባሪያ ወይም ነፃ የሚባለው በእናቱ ነው አለ። ብዙ የታሪክ ሰዎች ሁለቱን ነገሮች ያያይዟቸዋል። ሌሎቹም ቅኝ ግዛቶች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

የሕጉን ጥልቀት ቆም ብላችሁ መርምሩልኝ። ጌታው ባሪያይቱን ደፍሮ ቢያስወልዳት፣ ልጁ በወንጀል ምስክርነት በሚቀርብበት ፈንታ ንብረት ሆኖ ይመዘገብለታል። በእስልምና ሕግ እንኳ፣ ባርነትን ሳይከለክል፣ ጌታው ልጄ ነው ብሎ የተቀበለው ልጅ ነፃ ነው፤ እናቲቱም ከዚያ በኋላ አትሸጥም። የቨርጂንያው ሕግ ይህችን ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ደፈነ። በ1808 አሜሪካ ከአፍሪካ ባሪያ ማስገባትን ከለከለች፤ በዘመኑ ሁሉ በቀጥታ ከአፍሪካ ወደዚያች ምድር የገቡት 400,000 አይሞሉም ነበር። በ1860 በተደረገው ቆጠራ ግን ባሪያዎቹ ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ልዩነቱን የሞላው የሴቶቹ ማሕፀን ነው። የጥጡ ሀብት በእጃቸው ተለቀመ፣ ለቃሚውም ከእነርሱ ተወለደ።

እንግዲህ ለምን አልሸሹም የሚለውን ጥያቄ በዚህ ላይ አስቀምጡት። ጌቶች የጠፋባቸውን ባሪያ ለማስያዝ ጋዜጣ ላይ ያወጧቸውን ማስታወቂያዎች የመረመሩ ጸሐፊዎች ከአምስቱ ኮብላዮች አራቱ ያህል ወንዶች እንደሆኑ፣ አብዛኞቹም ወጣቶች እንደነበሩ አሳይተዋል። የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ሌሊት እየሄደ ቀን ጫካ ሊደበቅ ይችላል። ጡት የሚጠባ ልጅ ግን ጫካ ውስጥ ዝም አይልም። ትታው ብትሄድ ደግሞ ልጁ ለጌታው መያዣ ነው።

ሐሪየት ተብማንን የሚያነሣብኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በ1849 ከሜሪላንድ አመለጠች፤ ከዚያ አሥራ ሦስት ጊዜ ያህል እየተመለሰች ሰባ የሚሆኑ ሰዎችን አወጣች፤ በእርስ በርሱ ጦርነትም በ1863 በኮምባሂ ወንዝ ላይ በተደረገው ዘመቻ መንገድ መርታ ከ700 በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ። በ2019 የተሠራላት ፊልም በዚህ ሩጫ የተሞላ ነው፤ ይገባታልም። እኔን የሚይዘኝ ግን የእህቷ የራኬል ነገር ነው። ተብማን እህቷን ልታወጣ ለዓመታት ሞከረች፤ ራኬል ግን ከእርሷ ተለይተው ሌላ ቦታ የተያዙ ልጆቿን ትቼ አልሄድም አለች። ተብማን በ1860 መጨረሻ ላይ እንደገና ስትመለስ ራኬል ሞታ ጠበቀቻት። ልጆቹን ለማውጣት 30 ዶላር ጉቦ ያስፈልግ ነበር፤ ተብማን ያን ገንዘብ አልያዘችም፤ ልጆቹም በባርነት ቀሩ። ከሁለቱ እህትማማቾች ለነፃነት የምትሳሳው የትኛዋ ናት ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም።

አሁን ወደ ዋናዋ ሴት ልምጣ። ሐሪየት ጃኮብስ በ1813 በሰሜን ካሮላይና ኢደንተን በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደች። በስድስት ዓመቷ እናቷ እስክትሞት ድረስ ባሪያ መሆኗን አታውቅም ነበር። የመጀመሪያዋ እመቤቷ ማንበብና መስፋት አስተማረቻት። እመቤቲቱ በ1825 ስትሞት ልጅቱ በኑዛዜ ነፃ እወጣለሁ ብላ ስትጠብቅ ለአንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ውርስ ሆና ተላለፈች። በሕግ ጌታዋ ሕፃኗ ናት፤ በተግባር ግን የሕፃኗ አባት፣ የከተማው ሐኪም ዶክተር ጄምስ ኖርኮም።

ሐሪየት ወደ አሥራ አምስት ዓመቷ ስትጠጋ ሐኪሙ ያሳድዳት ጀመር። ማንበብ መቻሏን ሲያውቅ ወረቀት እየጻፈ ይሰጣት ገባ፤ የተማረችው ፊደል ማጥመጃ ሆነባት ማለት ነው። ነፃ የሆነ ጥቁር አናጢ ወድዷት ላግባት ቢል ኖርኮም ከለከለ። መውጫ ያጣችው ልጅ ያደረገችው ነገር የዘመኑን አንባቢ ያስደነገጠ ነበር፤ ሳሙኤል ሶየር የሚባል ያላገባ ነጭ ጠበቃ ወዳጅ አድርጋ ያዘች። በግድ ከሚወስዳት ሰው ይልቅ እርሷ የመረጠችው ይሻላል አለች፤ ኖርኮምም ተናዶ ይሸጠኛል፣ ያኛው ገዝቶ ነፃ ያወጣኛል ብላ አሰላች። ከእርሱ ዮሴፍና ሉዊዛ የተባሉ ሁለት ልጆች ወለደች። በመጽሐፏ ይህን ስትተርክ ታፍራለች፤ ግን በዚያው ገጽ ባሪያይቱን በነፃዋ ሴት ሚዛን አትመዝኑ ብላ አንባቢዋን ትሞግታለች። እኔ እንደማስበው በዚያ ዘመን ስለ ሴት ክብር ከተጻፈው ሁሉ ይህ ክርክር ይበልጣል። ንጽሕና ምርጫ ላለው ሰው ነው፤ ምርጫውን የቀማ ኅብረተሰብ ንጽሕናን ሊጠይቅ አይችልም ነው የምትለው።

ኖርኮም አልሸጣትም። በ1835 ወደ እርሻ ሰደዳት፤ ልጆቿም ወደዚያው መጥተው ለባርነት ሥራ ሊገሩ መሆኑን ሰማች። ያን ጊዜ ኮበለለች። ግን ወደ ሰሜን አልነበረም ጉዞዋ። እኔ ከጠፋሁ ልጆቹ ለሐኪሙ ሸክም ይሆኑበታል፣ ይሸጣቸዋል፣ አባታቸው ይገዛቸዋል ብላ አሰበች። እንዳለችውም ሆነ፤ ኖርኮም ሁለቱን ልጆችና ወንድሟን ለአንድ የባሪያ ነጋዴ ሸጣቸው፤ ነጋዴው በስውር የተላከው በሶየር መሆኑን አላወቀም። እርሷን ላስያዘ 100 ዶላር ወሮታ እከፍላለሁ ብሎ በጋዜጣ አሳወጀ፤ ፍለጋ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደ።

እርሷ ግን ያለችው እዚያው ኢደንተን፣ ከክሊኒኩ ብዙም ሳትርቅ ነው። አያቷ ሞሊ ሆርኒብሎ አርነት የወጣች፣ ብስኩት ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር በከተማው የተከበረች ሴት ነበረች። ከቤቷ ጋር የተያያዘ ትንሽ ጎተራ ነበራት፤ በጎተራው ጣሪያና ኮርኒስ መካከል ቆጥ የመሰለ ባዶ ቦታ ይገኛል። ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ወርዱ 7፣ ከፍታው ከፍ ባለበት 3 ጫማ፤ በእኛ ልኬት ሁለት ሜትር ተኩል አልፎ በሁለት ሜትር፣ ከፍታው አንድ ሜትር የማይሞላ። መቆም አይቻልም። ብርሃንና አየር የለውም፤ አይጥ ይመላለስበታል። እዚያ ገባች። የገባችው በ1835 ነው፤ የወጣችው በ1842።

ሰባት ዓመት ገደማ። በበጋ ጣሪያው ያነድዳታል፣ በክረምት እግሯ ውርጭ ይመታዋል፤ ከመተኛት ብዛት እግሯ ጉልበት አጣ። በመሰርሰሪያ ግድግዳውን በስታ ትንሽ ቀዳዳ አወጣች፤ በዚያች በኩል ልጆቿ መንገድ ላይ ሲጫወቱ ታያለች። ሐኪሙም ሲያልፍ ታየዋለች። መጽሐፍ ቅዱሷን ታነባለች፤ ለልጆቿ የበዓል ልብስ ትሰፋለች፤ እነርሱ ከየት እንደመጣ አያውቁም። ለኖርኮም ደብዳቤ እየጻፈች ወደ ሰሜን በሚሄድ ሰው ትልክና ከኒው ዮርክ ፖስታ ቤት እንዲላክለት ታደርጋለች፤ እርሱ እዚያ ያለች መስሎት ሲባዝን እርሷ ከአጠገቡ ተደብቃ ትሰማለች። ልትሄድ በመጨረሻ ስትወርድ ለልጇ ለወንዱ ተገለጠችለት። ልጁ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ አንድ ቀን ከላይ ሳል ሰምቶ እናቱ መሆኗን ጠረጠረ፤ ለአንድም ሰው፣ ለእህቱም ቢሆን፣ ሳይተነፍስ ሌሎች ልጆች ወደዚያ ወገን ሲጠጉ እያባበለ ያርቃቸው ነበር።

ይህን ታሪክ ለአንድ የፊልም አዘጋጅ ስጡት። ምን ያደርገዋል? ባለታሪኳ ሰባት ዓመት አትንቀሳቀስም። ጠላቷ አይመታትም፤ አያገኛትምና። ውሻ፣ ወንዝ፣ ፈረስ የለም። ያለው አንዲት ሴት በትንሽ ቀዳዳ ማየቷ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ሰባት ዓመታት ልጆቿን ከሐኪሙ እጅ አውጥታለች፣ ጌታዋን በደብዳቤ ወዲያ ወዲህ አንከራታዋለች፣ ሰውነቷንም ከእርሱ አስመልጣለች። ከብዙ ሯጮች ይልቅ የፈጸመችው ብዙ ነው። ይህንን ድል የምናይበት ዓይን ስላላወጣን ነው እንጂ።

በ1842 በመርከብ ወደ ፊላደልፊያ፣ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ደረሰች፤ ሞግዚት ሆና ተቀጠረች። በ1850 የወጣው የኮብላዮች ሕግ ሰሜኑንም አደገኛ አደረገው። በ1852 አሠሪዋ ኮርኔልያ ዊሊስ ከእነዚያው ከኖርኮም ቤተሰቦች በ300 ዶላር ገዝታ ነፃ አወጣቻት። ሐሪየት ለሴትየዋ ውለታ አመስጋኝ ናት፤ በሽያጩ ግን ተቃጠለች፤ የራሷ የሆነውን ነገር ለሌላ ሰው ከፍለው ነው የሰጧት። ታሪኳን መጻፍ ስትፈልግ መጀመሪያ ያሰበችው «የአጎት ቶም ጎጆ»ን በ1852 ያሳተመችውን ሐሪየት ቢቸር ስቶውን ነበር። ስቶው ታሪኩን ለራሷ አዲስ መጽሐፍ ማስረጃ ላድርገው አለች፤ እውነት መሆኑንም ከአሠሪዋ ልታጣራ ጻፈች። ጃኮብስ ተከፋች፤ ራሴ እጽፈዋለሁ ብላ ተነሣች። ሌሊት ሌሊት፣ የሌላ ሰው ልጅ ካስተኛች በኋላ ጻፈችው። በ1861 ሊንዳ ብሬንት በሚል የብዕር ስም ታተመ፤ አርታኢዋ ሊድያ ማርያ ቻይልድ ነበረች።

ከዚያ የሆነው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በሃያኛው መቶ ዘመን ብዙ ሊቃውንት መጽሐፉን ልብ ወለድ ነው፣ ቻይልድ የፈጠረችው ነው እያሉ ያልፉት ነበር። ስልቱ በጣም ያማረ ነው፣ የጣሪያው ነገርም የማይታመን ነው አሉ። ጂን ፋገን የሊን የምትባል ተመራማሪ ደብዳቤዎችንና የከተማውን መዝገቦች ፈትሻ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ ከእውነተኞቹ ሰዎች ጋር አገናኝታ በ1987 ባሳተመችው እትም ነው ነገሩ የተረጋገጠው። ለብዙ ዓመታት የሐሪየት ጃኮብስ ሕይወት የሌላ ሴት ድርሰት ሆኖ ኖረ። የሸሹ ወንዶች መጻሕፍትም ተጠራጣሪ ነበረባቸው፤ ፍሬድሪክ ዳግላስ ግን በ1845 በስሙ አሳትሞ በየመድረኩ ቆሞ ሊመሰክር ይችል ነበር። ጌታዋ ያደረገባትን በሕዝብ ፊት ቆማ የምትናገር ሴት ግን በዚያ ዘመን ከአዘኔታ ይልቅ ሐሜት ይጠብቃታል።

በዚያው 1987 ቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» የተባለውን ልብ ወለዷን አወጣች። መነሻው እውነተኛ ነው። በጥር 1856 ማርጋሬት ጋርነር ከባሏ፣ ከባሏ ወላጆችና ከአራት ልጆቿ ጋር ከኬንታኪ ተነሥታ በረዶ የሠራውን የኦሃዮ ወንዝ በእግር ተሻግራ ሲንሲናቲ ገባች። አሳዳጆቹ የገቡበትን ቤት ሲከብቡ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን በቢላ ገደለቻት፤ ሌሎቹንም ልትደግም ስትል ያዟት። ችሎቱ አገሩን ያነጋገረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ በነፍስ ግድያ ትከሰስ ወይስ እንደ ጠፋ ንብረት ለባለቤቷ ትመለስ? ባርነትን የሚቃወሙት ሰዎች በነፍስ ግድያ ትከሰስ ብለው ተሟገቱላት። ወንጀለኛ መባል ሰው መባል ስለሆነ ነው። አልተሳካላቸውም፤ ንብረት ናት ተብላ ተመለሰች፤ ወደ ደቡብ ተወስዳ በ1858 ሚሲሲፒ ውስጥ በተስቦ ሞተች።

ሞሪሰን በ1974 የወጣውን «ዘ ብላክ ቡክ» የተባለ የታሪክ ስብስብ ስታዘጋጅ የዚህችን ሴት ወሬ በድሮ ጋዜጣ አገኘችው። ልብ ወለዱ የችሎቱን ታሪክ አይተርክም፤ ግድያው ካለፈ ከዓመታት በኋላ፣ ባርነት ካበቃ በኋላ፣ እናቲቱ ከሟች ልጇ መንፈስ ጋር አንድ ቤት ስትኖር ነው የሚያሳየን። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ሽሽቱና ቢላው የአንድ ሌሊት ነገር ናቸው፤ የቀረው ዕድሜ የሚያልፈው ቤት ውስጥ ነው። ጆናታን ደሚ በ1998 ወደ ፊልም አመጣው፤ ኦፕራ ዊንፍሪ እናቲቱን ሆና ተጫወተች። ገበያው አልቀናውም። ፊልሙ ዘገምተኛና ከባድ ነው ተባለ፤ እኔ ግን ከባድነቱን አልጠላሁትም፤ ጉድለቱ የሟቿን መንፈስ በዓይናችን ማሳየቱ ነው፤ በመጽሐፉ የምትፈራው ነገር በመጋረጃው ላይ ተዋናይ ብቻ ሆነች።

ከሆሊውድ የቀረች ሴት ምስል አልጠፋም፤ ችግሩ የቀረችበት ምክንያት ነው። በ1939 በወጣው «ከነፋስ ጋር ሄደ» ሐቲ ማክዳንኤል የተጫወተቻት ሴት «ማሚ» ትባላለች፤ የራሷ ስም የላትም። የሌላ ሰው ልጅ ታሳድጋለች፤ ስለ ልጆቿ አንድ ቃል አይነሣም። የቀረችው ወድዳ ነው ይለናል ፊልሙ። ማክዳንኤል በ1940 ኦስካር በመሸለም ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በሽልማቱ ምሽት ግን ከነጮቹ ተዋንያን ተለይታ ዳር ባለ ትንሽ ጠረጴዛ ነው የተቀመጠችው።

ወደ ፓትሲ አንድ ጊዜ ልመለስ። በፊልሙ ፓትሲ ሌሊት ወደ ሰለሞን መጥታ ግደለኝ ብላ ትለምነዋለች፤ ሉፒታ ኒዮንጎ ይህን ትዕይንት በአስደናቂ ሁኔታ ተጫውታዋለች፤ ኦስካርም አገኘች። በኖርዘፕ መጽሐፍ ግን እንዲገድላት የምታባብለው፣ መደለያም የምታቀርብለት፣ በቅናት የተቃጠለችው የጌታው ሚስት ናት። ለውጡ ትንሽ አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ በቀን 500 ፓውንድ ጥጥ የምትለቅም፣ ሳሙና ለመለመን ጎረቤት በመሄዷ የተገረፈች፣ ሌሎች ሊያጠፏት የሚፈልጓት ሴት አለች፤ ፊልሙ ውስጥ ሞቷን ራሷ የምትፈልግ ሴት ሆነች። አንድን ሰው መኖር የማያቋርጥ ሰው አድርጎ ማሳየት ለካሜራ ለምን እንደሚከብደው አይገባኝም።

ይህ የማይከብደው አንድ የአገራችን ሰው አለ። ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለደ፣ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ፣ በሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ፣ ከ1975 ጀምሮ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን አወጣ። ሞና የምትባል የዘመናችን ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል በጋና ጠረፍ ባለ የባሪያ ግንብ ላይ ፎቶግራፍ ልትነሣ ትሄዳለች፤ ከግንቡ በታች ወርዳ ሾላ የምትባል የሸንኮራ እርሻ ባሪያ ሆና ራሷን ታገኛለች። እዚያ ኑኑ አለች፤ ከአፍሪካ በልጅነቷ የተወሰደች፣ በነጭ ተደፍራ ጆ የሚባል ልጅ የወለደች። ጆ በካህኑ እጅ አድጎ የባሪያዎቹ አለቃ ይሆናል፤ እናቱን ይንቃታል፤ በመጨረሻም በእርሱ እጅ ትሞታለች። የ1662ቱ ሕግ እንዲህ ባለ ቤት ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትዕይንት አላውቅም። ኑኑ አትሸሽም። ሌሊት ሌሊት ሰዎችን ሰብስባ ትናገራለች፣ ታስተምራለች፣ አመፁ ከእርሷ ዙሪያ ይወለዳል። ካሜራው እርሷ ዘንድ ይቀመጣል።

በአሜሪካ አከፋፋይ ጠፋለት። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ሲኒማ እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር ወሬው ተሰምቶ ሕዝብ ጎረፈ። ኋላ በዋሽንግተን ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት በዚሁ ስም መጻሕፍት ቤት ከፈቱ፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል። ፊልሙ በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ወጣ። እንደ ጎንደሬ ልኩራበት ብል ትፈቅዱልኛላችሁ ብዬ አስባለሁ፤ ይሁንና ኩራቱን ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው የምይዘው፤ ስለ እኛ አገር ባርነትስ?

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው፣ ጉዳዩ ባርነት ነው ብል የሚገረም ይኖራል። የተማረከ መኮንን፣ የተሸጠ ልጅ፣ ወንድሟን ለመፈለግ የወንድ ልብስ ለብሳ የወጣች ሴት። ግን በዚያ መጽሐፍ ባርነት በጨዋ ቤት ላይ የወረደ መዓት ነው። ውላጅ ሆና ተወልዳ በባርነት ያረጀች ሴት አፍ አታገኝም። ጦቢያም የሚፈታላት በጋብቻ ነው፤ ንጉሥ ያገባታል። ሐሪየት ጃኮብስ ደግሞ መጽሐፏን ስትዘጋ የእኔ ታሪክ እንደ ልማዱ በሠርግ አላለቀም፣ በነፃነት ነው ትላለች። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማንበብ ለተማሪዎች ጥሩ የቤት ሥራ ይሆናል።

በእኛ አገር የባሪያ ንግድን የሚከለክል፣ ባሪያዎችንም ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ ሕግ በ1923 እና በ1924 ወጣ፤ ባርነት ጨርሶ የተሻረው በ1942 ነው። ይህን ያህል ቅርብ ነው። በቀይ ባሕር በኩል ከተሸጡት አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

ስለ ዓረብ አገር የሚነሣውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ እንዲህ ባለ ጉባኤ ሳይነሣ አይቀርምና። የሠራተኛዋን ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው በከፋላ ሥርዓት የምትሠራ እህታችን ባሪያ ናት ወይ? እኔ አይደለችም እላለሁ፤ ልጇ ባሪያ ሆኖ አይወለድም፣ ውሏ ቀን አለው። ሁሉን ባርነት ካልነው ባርነትን እናቀለዋለን። ግን የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ ፓስፖርቷ ተቆልፎበት፣ ቤቱን ጥላ ብትወጣ ጥፋተኛዋ እርሷ የምትሆንበት ሥርዓት ከየት የመጣ አስተሳሰብ እንደሆነ ግልጽ ነው። ለምን ጥላ አትወጣም ብሎ የሚፈርድባትም ሰው አያቷ ዘንድ የተቀመጠውን ልጅና በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ አላሰበም።

አስቴር ጋኖን ሳላነሣ ብወርድ ይቆጨኛል። ነፃ ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ የተደረገች የኦሮሞ ልጅ ናት። በ1886 ወደ ዓረብ ምድር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ የጣሊያን መርከብ ጀልባውን ያዘ፤ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተላከች። እዚያ አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ነበር። እርሱ ግን የተፈነገለው ገና በልጅነቱ ስለሆነ የአገሩ ቋንቋ ይጎድለው ነበር፤ አስቴር ቋንቋዋን ጠግባ ነው የመጣችው። ወደ 15,000 ቃላት የሚደርስ መዝገብ አጠናቀረች፤ አብረውም በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጁ፤ ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ እንቆቅልሹን ከቃል ጻፈችው። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 በስዊስ አገር ታተመ፤ የአናሲሞስ ስም ገነነ፤ ያለ እርሷ ቃላት ግን ያ ትርጉም እንደዚያ አይሆንም ነበር። በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ ነቀምት ላይ አስተማረች፤ በ1964 አረፈች።

አንድ ወጣት የፊልም ባለሙያ ስለ እርሷ ሊሠራ ቢነሣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በዚያች ጀልባና በመርከቡ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። ባሕር፣ ማዕበል፣ የመድፍ ድምፅ፣ ነጻ አውጪ መኮንን። የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ብዙ ገንዘብም ይበላል። ገንዘቡ ካነሰው ያን ይተወውና እምኩሉ ላይ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ቃል በቃል ስትለቅም የቆየችበትን ዘመን፣ ነቀምት ላይም ያስተማረችባቸውን ዓመታት ይቅረጽልን።